ቺፕና ቦርድ አስተሻሸግ፦ ከድሬ ቆርቆሮ ቤት የተጻፈ መመሪያ

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር። ደንበኛ የሶላር ኢንቨርተር አመጣልኝ። የተቃጠለውን ፕሮሰሰር አነሳሁና ከመሳቢያዬ አዲስ አይሲ፣ ማለትም ቺፕ፣ አወጣሁ። አዲስ ስል፣ ከተገዛ ስድስት ወር ሆኖታል፣ ግን እጅ አልነካውም። በዚፕ ላስቲክ ተቀምጦ ነው የከረመው። ሆት ኤሩን፣ ትኩስ አየር የሚነፋውን ማሽን፣ ለቀቅኩበት። መበየጃው ሊድ ሊቀልጥ ሲል «ጧ!» አለ። ፊት ለፊት ቡና የምታፈላው ልጅ ዞር ብላ «ፋንዲሻ ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፣ እሱም «ጧ!»። ሦስተኛው ድምፅ አላሰማም። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሞተ፣ ደንበኛውም ኢንቨርተሩን ተሸክሞ ተመልሶ መጣ። ከሦስቱ የባሰው ይሄኛው ነው።

ልጅቷ ሳታውቀው ልክ ብላለች። በሙያው የዚህ ብልሽት ስም ራሱ ፋንዲሻ ነው። የአይሲው ጥቁር ገላ ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ቀስ እያለ ይጠጣል። ከወራት በኋላ በአንዴ ወደ 240 ወይም 260 ዲግሪ ስታወጡት ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ የለውም። ስለዚህ ፕላስቲኩን ከውስጡ ብረትና ሲሊከን ይገነጥለዋል። አንዳንዴ ይሰነጠቃል፣ ትሰሙታላችሁ። አንዳንዴ ግን ውስጥ ውስጡን ይላቀቅና የወርቅ ሽቦዎቹን ያላላቸዋል፣ እንደ ሦስተኛዬ።

ከዚያ ወዲህ አይሲም ሆነ ቦርድ ሳስቀምጥና ለሰው ስልከው እንዴት እንደማሽግ እዚህ ዘርዝሬ አስቀምጣለሁ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ከረጢቱ ነው። እኔ ባየሁት ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። የሚያስገባው አፉ ነው፣ ካልሆነም አብራችሁ የከተታችሁት ነገር ነው።

የድሬ ነገር

ድሬ ደረቅ ናት፣ እርጥበት ምን ያደርገናል የሚል ሰው አለ። እኔም እል ነበር። በበጋ እውነት ነው፣ አየሩ ይደርቃል። ያኔ ደግሞ ስታቲክ፣ ቺፕ የሚገድለው የፍትጊያ ኮረንቲ፣ ይመጣል፣ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስትነሱ በሩን ስትነኩ ቁንጥጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ነው። በልግና ክረምት ላይ ዝናቡ ይመጣል፣ ደቻቱ ወንዝም ይሞላል፣ አየሩም ይከብዳል። በመካከሉ ሙቀቱ አለ። ሙቅ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ፕላስቲክም ሲሞቅ ውሃን በፍጥነት ያስገባል። ስለዚህ እዚህ የምታሽጉት ነገር ሁለቱንም መቻል አለበት፣ ስታቲኩንም እርጥበቱንም። አንዱን ብቻ የሚችል ከረጢት ግማሽ ዓመት ይሠራል፣ ግማሽ ዓመት ያታልላል።

ከረጢቶቹን እንለያቸው

እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ብትዞሩ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፣ ሻጩ ሦስቱንም «አንቲስታቲክ» ብሎ ነው የሚሸጥላችሁ።

አንደኛው ሮዝ ላስቲክ ነው። ሮዙ ራሱ ስታቲክ እንዳያመነጭ ተቀብቷል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። ቅባቱም በጊዜ ያልቃል። እርጥበት ላይ ከተራ ፌስታል አይሻልም። ለብሎንና ለኬብል ይሁን።

ሁለተኛው ብርማና ውስጡ በመጠኑ የሚታየው ነው፣ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክና ራም የሚመጣበት። ስታቲክን በደንብ ያግዳል። ግን ብረቱ በጣም ስስ ስለሆነ እርጥበት ያልፈዋል። ለጥቂት ቀን ጥሩ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ብር ስለመሰለ ብቻ ሁሉን የሚችል ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው የምንፈልገው ነው። ወፍራም ነው፣ ምንም አያሳይም፣ ስታጥፉት እንደ ወረቀት መስመሩ ይቀራል። በውስጡ እውነተኛ የአሉሚኒየም ፎይል አለ። ደረጃውን የሚያወጣው ጄ-ኤስቲዲ-033 የሚባለው መመዘኛ ነው። እንደሱ ከሆነ እንዲህ ያለው ከረጢት በ40 ዲግሪ ሙቀት በቀን ከ0.03 ግራም ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው በአንድ ካሬ ሜትር ማሳለፍ ያለበት። 20 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ ከረጢት ሁለት ጎኑ ሲደመር የካሬ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ በዓመት የሚያስገባው 1 ግራም ከትንሽ ነው። ተራ ላስቲክ ግን ያንኑ 1 ግራም ለማስገባት ወር አይፈጅበትም።

ለጫት ነጋዴ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አወዳይ ላይ ጫቱን በኮባ የሚጠቀልሉት እርጥበቱ እንዳይወጣ ነው። እኛ የምንጠቀልለው እንዳይገባ ነው። ስራው ያው ነው፣ የተገላቢጦሽ ብቻ።

የሐረር ቡና የሚታሸግበት ፎይል ከረጢትስ? ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እርጥበት ላይ መጥፎ አይደለም። ግን አብዛኛው አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቀዳዳ አለው፣ የውስጡ ላስቲክም ስታቲክ ያመነጫል። የግድ ከሆነባችሁ ቀዳዳ የሌለውን ምረጡና አይሲውን መጀመሪያ ብርማው ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ክተቱት።

መጣጩና ካርዱ

መጣጭ የምለው ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ እርጥበት የሚጠጣውን ነው። ሲሊካ ጄል ሁሉም ያውቃታል፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ «አትብሉ» የሚል ተጽፎባት የምትመጣው ነች። እሷን ግን አትጠቀሙ። እጃችሁ ላይ ስትደርስ ጠጥታ ጠግባለች። የምትገዙት በራሱ በታሸገ ጣሳ ወይም ከረጢት የሚመጣውን ነው። መለኪያው «ዩኒት» ይባላል። አንድ ዩኒት በ25 ዲግሪና 20 በመቶ እርጥበት ውስጥ ቢያንስ 2.85 ግራም ውሃ ይጠጣል።

ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ብዙ ነገር ይፈታል። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አየር ያሳስባችኋል? አንድ ሊትር የድሬ አየር፣ 35 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ቢሆን፣ የያዘው ውሃ 0.02 ግራም ገደማ ነው። ለአንዱ ዩኒት ምንም አይደለም። አሁን ደግሞ 20 ግራም የምትመዝን ቁራጭ ካርቶን አይሲው እንዳይነቃነቅ ብላችሁ አስገቡ። ካርቶን በተለመደ አየር ውስጥ ከክብደቱ 7 እና 8 በመቶ ያህል ውሃ ነው። 1.5 ግራም መሆኑ ነው። የመጣጩን ግማሽ በገዛ እጃችሁ አጠጣችሁት። አየሩን ለማስወጣት ግማሽ ሰዓት የታገለ ሰው ካርቶኑን ግን ዝም ብሎ ይከታል። አቦ ተዉት!

መጣጩ ከጣሳው ከወጣ 30 ደቂቃ ሳይሞላው አሽጉበት። እኔ ሌላው ሁሉ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ነው የማወጣው።

የእርጥበት ካርዱ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚያሳይ ትንሽ ወረቀት ነው፣ ሦስት ክብ አለው፦ 5፣ 10 እና 60 በመቶ። የተለመደው ሲደርቅ ሰማያዊ፣ ሲረጥብ ሮዝ ይሆናል። ሌላ ቀለም የሚጠቀምም ስላለ ካርዱ ላይ ያለውን አንብቡ። ሰማያዊው ቀለም ኮባልት ክሎራይድ ስለሆነ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ ነክታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትበሉ።

ወደ ስራው

አንድ፦ ደረጃውን አንብቡ። የመጣበት ከረጢት ወይም ሪል (አይሲዎቹ የሚጠቀለሉበት መንኮራኩር) ላይ ኤም ኤስ ኤል የሚል ምልክትና ቁጥር አለ። እርጥበትን ምን ያህል እንደሚፈራ የሚናገረው እሱ ነው። 1 ከሆነ አይፈራም፣ ከረጢት ሳታባክኑ አስቀምጡት። 2 ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመት ይቆያል፣ 2ኤ አራት ሳምንት፣ 3 ደግሞ 168 ሰዓት ማለትም 7 ቀን፣ ደረጃ 4 ከሆነ 72 ሰዓት፣ ደረጃ 5 ከሆነ 48 ሰዓት፣ ደረጃ 5ኤ ከሆነ 24 ሰዓት። 6 የሚል ካያችሁ ከመበየዱ በፊት የግድ ይደርቃል።

ግን ይሄ ቆጠራ የተሠራው ከ30 ዲግሪና ከ60 በመቶ እርጥበት ለማይበልጥ ክፍል ነው። 30 ዲግሪ ለኛ ረፋድ ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ አትመኑት። እኔ ግማሹን ቆርጬ ነው የምቆጥረው። ይሄ የኔ ልማድ ነው፣ መመዘኛው ያለው አይደለም፣ ግን ከፋንዲሻ አድኖኛል።

ሁለት፦ አድርቁት። እርጥብ አይሲን ማሸግ እርጥብ ልብስ በፌስታል ቋጥሮ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደ መክተት ነው። ሰዓቱ ካለፈበት ወይም ታሪኩን ካላወቃችሁት መጀመሪያ ይደርቅ።

ደረጃ 3 የሆነ፣ ውፍረቱ ከ1.4 ሚሊሜትር የማይበልጥና ሰዓቱ ካለፈ ከሦስት ቀን በላይ የሆነው አይሲ በ125 ዲግሪ 9 ሰዓት ይፈልጋል። እስከ 2 ሚሊሜትር የሚደርሰው 27 ሰዓት። ከዚያ የወፈረው 48 ሰዓት። ሙቀቱን ካወረዳችሁ ጊዜው ይረዝማል። ያው ቀጭኑ አይሲ በ90 ዲግሪ 33 ሰዓት፣ በ40 ዲግሪ 13 ቀን ይወስዳል። በነዚህ ሁለቱ ደግሞ አየሩ ራሱ ከ5 በመቶ እርጥበት በታች መሆን አለበት። ታዲያ ማን 13 ቀን ይጠብቃል? ሪል ላይ የተጠቀለለ አይሲ ያለው ሰው ይጠብቃል። የሪሉ ፕላስቲክ 125 ዲግሪ አይችልም፣ ተጣሞ አይሲውን ይዞት ይቀራል። ትሪ ከሆነ ጠርዙ ላይ የሚችለው ሙቀት ተጽፏል፣ እዩት።

ማድረቅም ልክ አለው። ከ90 እስከ 125 ባለው ሙቀት በጠቅላላው ከ96 ሰዓት በላይ ከቆየ እግሮቹ ይዝጉና ሊድ አይዝላቸውም። «ለማንኛውም አንዴ ላድርቀው» እየተባለ አይደጋገምም።

የኬክ ኦቨን አይሆንም። 125 ላይ አድርጋችሁት 100 እና 160 መካከል ሲዋልል ይውላል፣ ኬኩ አይከፋውም፣ አይሲው ይከፋዋል። የግድ ከሆነ የመልቲሜትራችሁን የሙቀት ሽቦ አይሲው አጠገብ አስገብታችሁ ሁለት ሰዓት ባዶውን ተከታተሉት። ከዚያ ወዲያ ያ ኦቨን ምግብ አይገባበትም። መብራት ቢሄድስ? ኦቨኑ ከቀዘቀዘ እኔ ከዜሮ ነው የምጀምረው፣ 96 ሰዓቷን እያሰብኩ። ጀኔሬተር ያለው ጎረቤት ይኑራችሁ።

ሦስት፦ ጠረጴዛውንና ራሳችሁን። ሰው ስታቲክ የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚሞት ቺፕ አለ። ሳይሰማችሁ ገደላችሁት ማለት ነው። የእጅ ማሰሪያ አድርጉ። በውስጡ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር መኖር አለበት፣ እናንተን ከኮረንቲ የሚያድናችሁ እሱ ነው፣ ስለዚህ በተራ ሽቦ አትተኩት። ማሰሪያውን ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው መስመር) ጋር አገናኙ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ አለው እንጂ ሽቦው የትም አይደርስም። በመልቲሜትር ላይቩንና ኧርዙን ለኩ። 220 አካባቢ ካላነበበ ኧርዝ የላችሁም። ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ የውሃ ቧንቧ ላይ አትጠምጥሙ።

ሽርጣችሁ ፖሊስተር ከሆነ በጥጥ ቀይሩት። ቬንትሌተሩን አጥፉ። በዚህ ሙቀት ከባድ ነገር እንደጠየቅኩ አውቃለሁ። ግን የሚነፍስ አየር አቧራውን ከረጢቱ አፍ ላይ ያመጣዋል፣ ጓንት ካላደረጋችሁ ደግሞ ላባችሁ አለ። አሥር ደቂቃ ቻሉት።

አራት፦ አስገቡ። አይሲው በትሪው ወይም በሪሉ እንዳለ ይግባ። ነጩን ስታይሮፎም አታስጠጉት፣ ስታቲክ ፋብሪካ ነው። ጥቁሩ ስፖንጅ ኮረንቲ ስለሚያስተላልፍ ለአጭር ጊዜ ይሆናል፣ ርካሹ ግን በዓመት ውስጥ ይሟሟና እግሮቹን ይበላቸዋል። ቦርድ ከሆነ ሹል ነገሩ፣ የሂትሲንኩ ጥግና የተቆረጡ እግሮች፣ ፎይሉን እንዳይበሱት በብርማው ከረጢት ጠቅልሉት። መጣጩ ከጎን፣ ካርዱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ። ከይዘቱ እስከ አፉ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ። ሰው ከረጢት ለመቆጠብ ብሎ ይሄን ያጠብቀዋል፣ ከዚያ አፉ ጠፍጣፋ ሆኖ አይገጥምም፣ ይሸበሸባል።

አምስት፦ ማሸግ። ስራው ያለው እዚህ ነው።

ዚፕ እሽግ አይደለም። ፕላስተርም እሽግ አይደለም፣ ሙጫው እርጥበት ያሳልፋል፣ ስኮች ከጥቅሉ ስትስቡት ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስታቲክ ያወጣል። የሚያሽገው ሙቀት ነው፣ ሁለቱን የውስጥ ላስቲኮች አቅልጦ አንድ የሚያደርጋቸው።

ቅመምና ቡና የሚያሽጉ ሰዎች የሚጠቀሙባት የእጅ ማሸጊያ ማሽን ትሠራለች፣ ግን 2 ሚሊሜትር መስመር የምታወጣው ትንሿ ለስስ ላስቲክ ነች። ፎይሉ ሙቀቱን ወደ ጎን እየበተነ ይወስድባታል። ቢያንስ 5 ሚሊሜትር፣ ቢቻል 10 የምታወጣዋን፣ ከላይም ከታችም የምታሞቀዋን ፈልጉ።

መጀመሪያ ከከረጢቱ ጠርዝ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ሞክሩ። አሽጉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በሁለት እጅ ገንጥሉት። እንደ ስኮች ሸርተት ብሎ ከተላቀቀ ሙቀት አንሶታል። ፎይሉ ተኮማትሮ፣ ላስቲኩ ወደ ጎን ፈስሶ፣ ስታጥፉት ቀጭ ካለ በዝቶበታል። ልክ የሆነው እሽጉ ሳይላቀቅ ከረጢቱ ራሱ ሲቀደድ ነው። ያቺን ቁጥር ማሽኑ ላይ ምልክት አድርጉባት።

ነገ ግን አትመኗት! የማሽኗ ሙቀት የሚወሰነው በቮልቴጁ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ 220 ወርዶ 190 ሲሆን ሙቀቱ በሩብ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። ጠዋት ልክ የነበረው ማታ የታሸገ የሚመስል ግን የሚላቀቅ ይሆናል። እኔ አንድ ሳጥን ሙሉ እንዲህ አሽጌ ልኬ፣ የተቀባዩ ልጅ «ወንድሜ፣ ከረጢቱ ተከፍቶ ነው የደረሰኝ» ሲለኝ ሹፌሩን ነበር የጠረጠርኩት። ስለዚህ ሁልጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት፣ በቁራጭ ሞክሩ።

አሁን ዋናው። የአፉን ውስጥ፣ ሁለቱንም ጎን፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉና ይድረቅ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር እሽጉ ውስጥ ከቀረች ዋሻ ትሆናለች። አፉን ግራና ቀኝ ወጥራችሁ ሽብሻቡን አጥፉ። አየሩን በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ሙሉ ቫኪዩም አይደረግም! አልፎ ተርፎ ከተመጠጠ ፎይሉ የትሪው ጥግ ላይ ተለጥፎ ይበሳል፣ መጣጩም በደንብ አይሠራም። ትንሽ አየር ይቅርበት፣ 0.02 ግራሟን አስታውሱ።

ማሽኗን ጫኑ። ሙቀቱ ሲቆም ወዲያው አትልቀቁ። ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። እሽጉ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ገና ሳይረጋ ከለቀቃችሁት ፎይሉ እየተወጠረ ይከፍተዋል። ከዚያ ከመጀመሪያው 1 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ሁለተኛ መስመር ድገሙ።

ማሽን ከሌለስ? ካውያ፣ የልብስ ካውያ። የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከላይ ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ካውያው ደግሞ እንፋሎቱ የጠፋና ውሃው የተደፋ ይሁን። ሠርቶልኛል። ሙቀቱ ግን ወጥ ስላልሆነ በቁራጭ አምስቴ ሳትሞክሩ አትግቡበት።

ስድስት፦ ፈትሹ። ከዙሩ አንድ ባዶ ከረጢት አየር ይዞ ይታሸግና በውሃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ አስገብታችሁ ጫኑት። አረፋ ካያችሁ ጥፋቱ የማሽናችሁ ነው። አይሲ ያለበትን ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ የሚያደርግ ሰው አይቼ ነው። ያንን በእጃችሁ አሻሽታችሁ፣ በባትሪ መብራት ሽብሻብ የሚያቋርጠው መስመር እንዳለ ፈልጉ። አንድ ቀን አሳድራችሁ ደግሞ እዩት።

ሰባት፦ ጻፉ። ምን እንደሆነ፣ ደረጃው፣ የታሸገበት ቀን፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰዓት ክፍት እንደቆየ፣ ስንት ሰዓት እንደደረቀ። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ አገር ብዙም የሌለ ችግር አለ፣ የቀን መቁጠሪያው። 2016 ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ተቀባዩ በፈረንጅ አንብቦት ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ ይጥለዋል። ፋብሪካው የጻፈው በፈረንጅ ነው፣ እናንተ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ ብላችሁ ለዩ። ሰዓቱም እንደዚያው። የ24 ሰዓት ዕድሜ ያለው አይሲ ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ የስድስት ሰዓት ስህተት ቀልድ አይደለም።

ስምንት፦ ማስቀመጥና መላክ። በደንብ የታሸገ ከረጢት ቢያንስ 12 ወር ይቆያል ይባላል፣ ከ40 ዲግሪና ከ90 በመቶ እርጥበት በታች። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው መደርደሪያ በሰኔ 40ን ያልፋል። ስለዚህ ታች፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ። በአውቶቡስ ስትልኩ ካርቶኑ ውስጥ ከየአቅጣጫው 5 ሴንቲሜትር ያህል የሚያለሰልስ ነገር ይኑር፣ እዚህ ጋዜጣም ካርቶንም ይቻላል፣ ከከረጢቱ ውጭ ስለሆነ። ሹፌሩን ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር እንዳያስቀምጠው ለምኑት። ብዙ አየር አስቀርታችሁ ከሆነ ደግሞ ሸገር ሲደርስ እንደ ፊኛ ይነፋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። አየሩ ከአሥር በመቶ በላይ ይሰፋል፣ የሚገፋውም ደካማውን እሽግ ነው።

እንደ ሌላው የማይታሸጉ

ቀዳዳ ያለው ነገር ሁሉ፣ የስልክ ማይክሮፎን፣ የአየር ግፊት ሴንሰር፣ ቫኪዩም አይወድም፣ ውስጡ ያለችው ስስ ቆዳ ትቀደዳለች። የእርጥበት ሴንሰር ደግሞ ሮዙን ላስቲክና ስፖንጁን ይፈራል፣ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ሽታ ንባቡን ያዛባዋል። በመጣበት ይቀመጥ።

ቦርዱን ራሱን ስለማሸግ አንድ ነገር ብቻ፣ ብዙ ሰው ሲያበላሽ ስላየሁ። የሶላር ፓምፕ ቦርድ ውሃ እንዳይነካው ብለው የመስኮት ሲሊኮን ይቀቡታል። ያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው አሲድ እየለቀቀ ነው የሚደርቀው፣ የመዳብ መስመሮቹን አረንጓዴ አድርጎ ይበላቸዋል። የማይሸተውን፣ «ኒውትራል» የሚለውን ፈልጉ። ነገ የሚጠገን ቦርድ ከሆነ አክሪሊክ ቀቡት፣ በማሟሟያ ይለቃል። ኢፖክሲ ድንጋይ ነው፣ ከሱ በኋላ ጥገና የለም። ኮኔክተሮቹን ከመቀባታችሁ በፊት ሸፍኑ። ሲሊኮኑም ኢፖክሲውም ደግሞ ያዘገየዋል እንጂ ለዘላለም አያቆመውም። እርጥበትን እውነት የሚዘጋው ብረት፣ መስታወትና ሴራሚክ ነው፣ እሱ ደግሞ የፋብሪካ ስራ ነው።

ሲከፈት

ይሄን ለተቀባዩ በስልክ ንገሩት። ከአዲስ አበባ በሌሊት አውሮፕላን የመጣ ከረጢት ቀዝቅዞ ነው ድሬ የሚደርሰው። እዚያው በክረምት አየር ከተከፈተ አይሲው ላይ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ለስላሳ ጠርሙስ ላብ ይወርዳል፣ ስድስት ወር የጠበቅነው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሳይከፈት ሁለት ሦስት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ መቀሱ ከውስጠኛው የእሽግ መስመር ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ለመስመሩ ጠጋ ብሎ ይቁረጥ፣ ከረጢቱ ዳግም ለማሸግ እንዲበቃ። መጀመሪያ የሚታየው ካርዱ ነው። የ5ቱም የ10ሩም ክብ ሮዝ ከሆነ ከ2ኤ እስከ 5ኤ ያለው ሁሉ ወደ ኦቨን ይመለስ፣ 60ውም ከቀላ ደረጃ 2ም ጭምር። ሦስቱም ሰማያዊ ከሆኑ የተከፈተበትን ሰዓት ከረጢቱ ላይ ይጻፍና ካውያውን ያብራ።